ዳግመኛ የመዘነ ሊቅ

በገበያ ቀን ቅቤ ወይም ቡና የሚሸጥ ነጋዴ ሚዛኑን በፊቱ አድርጎ ይቀመጣል። ገዢውም የሚመለከተው የነጋዴውን ፊት አይደለም፤ ሚዛኑን ነው እንጂ። ሚዛኑ እኩል ኾኖ ሲቆም ኹለቱም ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ገዢው ተጠራጥሮ «እስቲ እንደ ገና ይመዘን» ያለ እንደ ኾነ ያን ጊዜ የነጋዴው ጠባይ ይገለጣል። ሐሰተኛ ነጋዴ ይቈጣል፤ ማታለሉ እንዳይታወቅበት ይፈራልና። እውነተኛ ኾኖ ሳለ ትዕቢት ያደረበትም ይቈጣል፤ የተነካ ይመስለዋልና። እውነትንም ትሕትናንም የያዘ ግን ዝም ብሎ ዳግመኛ ይመዝናል።

ይህ ነገር በገበያ ብቻ የሚኾን አይደለም፤ በታላላቅ ሊቃውንት ዘንድም ኾኖ ነበር። ታሪኩን ለማስተዋል ግን አስቀድሞ ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

በዓለም ላይ የሚታየውና የሚዳሰሰው ነገር ኹሉ፥ ድንጋዩም፥ ውሃውም፥ አየሩም፥ የሰውም ገላ፥ አቶም ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። በአንዲት የውሃ ጠብታ ውስጥ ያሉትን አቶሞች ሰው ዕድሜውን ኹሉ ቢቈጥር አይጨርሳቸውም። አንድ ዓይነት አቶም ብቻ ያለበት ነገር ንጥረ ነገር ይባላል። ወርቅ ንጥረ ነገር ነው፤ ብረትም፥ መዳብም፥ ድኝም እንዲሁ። ውሃ ግን ንጥረ ነገር አይደለም፤ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ከሚባሉ ከኹለት ንጥረ ነገሮች የተጋጠመ ነው እንጂ። የነገሮችን ጠባይና የአንዱን ከሌላው ጋራ መጋጠም የሚመረምር ትምህርት ኬሚስትሪ ይባላል።

የያንዳንዱ ንጥረ ነገር አቶም የራሱ ክብደት አለው። ከኹሉ የሚቀልለው የሃይድሮጅን አቶም ነው። የእርሱ ክብደት 1 ቢባል የካርቦን 12፥ የኦክሲጅን 16፥ የብረት 56 ያህል ይኾናል። አቶምን አንድ በአንድ አንሥቶ በገበያ ሚዛን ላይ ማኖር አይቻልም። ሊቃውንት ግን ኹለት ነገሮች ሲጋጠሙ ከያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚገባ በጥንቃቄ እየመዘኑ ይህን ቍጥር አገኙ። ስለዚህ ለኬሚስትሪ ትምህርት ሚዛን እንደ ዓይን ነው።

በዚህ ታሪክ ያለው ዘመን ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፈ ነው። በመስኮብ አገር፥ በሳይቤሪያ፥ ቶቦልስክ በምትባል ከተማ ዲሚትሪ ሜንዴሌየቭ በ1834 ተወለደ። አባቱ መምህር ነበረ፤ ነገር ግን ዓይኑ ስለ ታወረ ሥራውን ተወ። እናቱ የብርጭቆ ፋብሪካ እያስተዳደረች ልጆቿን አሳደገች። በ1847 አባቱ ሞተ፤ በ1848 ፋብሪካው ተቃጠለ። እናቱ ግን ተስፋ አልቈረጠችም። ልጇን ይዛ ትምህርት ቤት ልታስገባው ከሳይቤሪያ ተነሥታ ረጅሙን መንገድ ሄደች። በሞስኮ ሳይቀበሉት ቀሩ። ከዚያ አልፋ ሴንት ፒተርስበርግ አደረሰችው፤ እዚያም በ1850 ተቀበሉት። እርሷም በዚያው ዓመት ሞተች። ልጁ የእናቱን ድካም ከንቱ አላደረገም፤ ተግቶ ተማረ፤ በኋላም የኬሚስትሪ መምህር ኾነ።

በ1869 ሜንዴሌየቭ ለደቀ መዛሙርቱ የሚኾን የትምህርት መጽሐፍ ይጽፍ ነበር። በዚያ ዘመን የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ነበሩ፤ ነገር ግን መልካም ሥርዓት አልነበራቸውም። እርሱ በአቶማቸው ክብደት ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ ደረደራቸው። ያን ጊዜ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አየ። ቅዳሜ በየሳምንቱ ተመልሶ እንደሚመጣ፥ የንጥረ ነገሮችም ጠባይ በተራ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ሊቲየም ለስላሳና ከውሃ ጋራ የሚጣላ የብረት ወገን ነው፤ ጥቂት ቈይቶ እርሱን የሚመስል ሶዲየም ይመጣል፤ ከዚያም ፖታሲየም። ሜንዴሌየቭ የሚመሳሰሉትን በአንድ ወገን እያደረገ ሰንጠረዥ ሠራ።

ነገር ግን አንድ ችግር ገጠመው። በዚያ ጊዜ ከታወቁት መካከል በክብደት ከዚንክ ቀጥሎ የሚመጣው አርሰኒክ ነበረ። በተራው ቢያኖሩት ከአሉሚኒየም ወገን ይገባል፤ ጠባዩ ግን አሉሚኒየምን አይመስልም፤ ፎስፎረስን ይመስላል እንጂ። ሜንዴሌየቭ ሰንጠረዡ የተሞላ እንዲመስል ብሎ አርሰኒክን ከማይገባው ቦታ አላኖረውም። በዚንክና በአርሰኒክ መካከል ኹለት ባዶ ቦታ ተወ፤ ገና ያልተገኙ ንጥረ ነገሮች አሉ ማለቱ ነበረ። ከአሉሚኒየም በታች ለቀረው ባዶ ቦታ «ኤካ አሉሚኒየም» የሚል ስም አወጣለት። ማንም ሳያየው የአቶሙ ክብደት 68 ያህል እንደሚኾን፥ ራሱም ከውሃ 6 እጅ ያህል እንደሚከብድ፥ በጥቂት ሙቀትም እንደሚቀልጥ አስቀድሞ ጻፈ።

በ1875 ሌኮክ ደ ቧቦድራን የሚባል የፈረንሳይ ሰው ከፒሬኔ ተራራዎች የመጣ የዚንክ ድንጋይ ሲመረምር በብርሃን መመርመሪያው ኹለት ሐምራዊ መስመሮች አየ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መስመር የሚሰጥ ንጥረ ነገር አልታወቀም ነበር። ብዙ ደክሞ ከድንጋዩ ለየውና በጥንት የአገሩ ስም ጋሊየም ብሎ ጠራው። ይህ ጋሊየም በመዳፍ ላይ ቢያኖሩት በገላ ሙቀት የሚቀልጥ ነው።

ሜንዴሌየቭ ይህን ሰምቶ፥ የተገኘው እርሱ አስቀድሞ የጻፈለት ኤካ አሉሚኒየም መኾኑን፥ ክብደቱም ከውሃ 5.9 እጅ ሊኾን እንደሚገባ አስታወቀ። ሌኮክ ግን በመዘነው ጊዜ ያገኘው 4.7 ነበረ።

ልጆች ሆይ፥ እዚህ ላይ አስተውሉ። ጋሊየምን ያገኘው ሌኮክ ነው፤ በእጁ ይዞ የመዘነውም እርሱ ነው። ሜንዴሌየቭ አይቶት እንኳ አያውቅም። ሌኮክ «ያላየ ሰው ያየሁትን ሊያስተምረኝ ነውን?» ብሎ በመጀመሪያው ቍጥሩ ሊጸና ይችል ነበር፤ ብዙ ሰውም በፈረደለት ነበር። እርሱ ግን የሜንዴሌየቭን ቍጥር አልናቀም። የነበረው ጋሊየም ከአንድ ግራም እጅግ ያነሰ ነበር፤ በጥቂት ነገር ላይ ደግሞ ጥቂት ስሕተት ብዙ ያሳስታል። ስለዚህ ጋሊየሙን እንደ ገና በጥንቃቄ አዘጋጅቶ በ1876 ዳግመኛ መዘነው። ሚዛኑም 5.9 አለ።

ሌኮክ በዚህ አላፈረም፤ ያገኘውን ለዓለም አሳወቀ። ባይመዝን ኖሮ ሐሰተኛ ቍጥር በስሙ ይቀር ነበር። ከዚህም በኋላ በ1879 ስካንዲየም፥ በ1886 ጀርማኒየም ተገኙ፤ እነርሱም ሜንዴሌየቭ ከተዋቸው ባዶ ቦታዎች ገቡ።

ይሁን እንጂ «እንደ ገና ይመዘን» የሚለው ኹልጊዜ እውነት ከእርሱ ጋራ ናት ማለት አይደለም። ሜንዴሌየቭ ቴሉሪየምን ከአዮዲን በፊት አኖረ፤ ጠባያቸው እንዲህ ያስገድዳልና። በሚዛን ግን ቴሉሪየም ከአዮዲን ይከብድ ነበር። እርሱም የመዘኑት ተሳስተዋል ብሎ አሰበ። ብዙ ጊዜ ተመዘነ፤ ሚዛኑ ግን ቃሉን አልለወጠም። ቦታው እውነት ነበረ፤ ምክንያቱ ግን ስሕተት ነበረ። በ1913 ሞዝሊ የሚባል እንግሊዛዊ ንጥረ ነገሮች የሚሰለፉት በአቶማቸው ክብደት ሳይኾን በአቶማቸው ቍጥር መኾኑን ገለጠ። በዚህም ቴሉሪየም 52ኛ፥ አዮዲን 53ኛ ኾነው ነገሩ ተፈታ። ዛሬ በሰንጠረዡ ላይ 118 ንጥረ ነገሮች ተጽፈዋል፤ 101ኛውም ለሜንዴሌየቭ መታሰቢያ ሜንዴሌቪየም ተብሏል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ኹለት ትምህርት ይገኛል። ሜንዴሌየቭ የማያውቀውን በሐሰት ከመሙላት ባዶ ቦታ መተው እንዲሻል አሳየ። ሌኮክም የገዛ ሥራውን ዳግመኛ መመርመር ውርደት እንዳይደለ አሳየ። ተማሪ የሒሳቡን ድምር ባልንጀራው «ተሳስተሃል» ቢለው፥ ከመቈጣቱ በፊት እንደ ገና ይደምር። ልክ ኾኖ ቢያገኘው የጐደለበት ነገር የለም፤ ስሕተት ኾኖ ቢያገኘው ግን ከስሕተቱ ዳነ። ሚዛን ለወዳጅም ለጠላትም አያደላም፤ እርሱን የሚይዝ ሰውም እንደ እርሱ ይኹን።