ስለ አንዲት ምልክት

አማርኛ የሚያነብ ሰው ሁሉ «አለ» የሚለውን ቃል ለብቻው ሲያገኘው ጥቂት ማመንታቱ አይቀርም፤ ሲጠብቅ መኖርን፥ ሲላላ መናገርን ያመለክታልና። ዳሩ ግን የዐረፍተ ነገሩን አካሄድ ተመልክቶ ይፈታዋል። ኮምፒዩተር ይህ አስተዋይነት የለውም፤ የተጻፈለትን እንጂ የታሰበውን አይፈጽምም።

ይህን የተማርነው በጥፋታችን ነው። የሠራተኞችን የዕረፍት ቀን የሚያሰላው ፕሮግራም ከተጻፈ ከስምንት ዓመት በኋላ ደንቡ ስለ ተለወጠ፥ ጥቂት መስመር እንድንጨምርበት ታዘዝን። ቀድሞ የጻፉት ሰው ተዛውረዋል። የጨመርነውን ኮምፒዩተሩ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀበለ። በሳምንቱ 22 ዓመት ያገለገሉ ሽማግሌ ተላላኪ ለእናታቸው ተዝካር ወደ አገራቸው ለመሄድ ፈቃድ ቢጠይቁ፥ አንድም ቀን እንደሌላቸው ወረቀቱ መሰከረባቸው። «መኪናው የለህም ካለ ምን ይደረጋል፥ ልጆቼ» ብለው ወጡ።

ስሕተቱን ሦስት ሆነን ስንፈልግ ቆይተን በአራተኛው ቀን አገኘነው። ፕሮግራሙ የተጻፈው ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. ገደማ ባዘጋጀው ሲ በተባለው ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ አንድ የእኩልነት ምልክት «ይህን ዋጋ ስጠው» ማለት ሲሆን፥ «እኩል ነውን?» ብሎ ለመጠየቅ ሁለት ምልክት አከታትሎ መጻፍ ያሻል። እኛም «በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ነውን?» ብለን ልንጠይቅ አስበን አንዲቱን ምልክት ብንዘነጋ፥ «በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ አድርገው» ብለን ማዘዛችን ሆነ። ሽማግሌውም ከ22 ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ተቈጠሩ።

በፕሮግራም ውስጥ ዋጋ መስጠት ከማነጻጸር ስለሚበዛ፥ አጭሩ ምልክት ለእርሱ መሆኑ የጸሐፊውን ድካም ይቀንሳል። ነገር ግን ለጸሐፊው የቀለለው ለአንባቢው ከበደ። በ1970 እ.ኤ.አ. ኒክላውስ ቪርት ያወጣው ፓስካል ዋጋ መስጠትን በፊቱ ሁለት ነጥብ በመጨመር ለይቶ፥ የእኩልነትን ምልክት በትምህርት ቤት በምናውቀው ትርጉም ትቶታል። ጊዶ ቫን ሮሱም በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፓይተን ደግሞ በጥያቄ ስፍራ አንዲቱን ብቻ ያገኘ እንደ ሆነ፥ ሥራውን ሳይጀምር ስሕተት ነው ብሎ ይመልሳል።

ፕሮግራም አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ ይታረማልም። ስለዚህ ቋንቋ የሚያዘጋጅ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ለሚመጣው አራሚ ዓይን ማሰብ ይገባዋል። ይህን ስንል ግን ጥፋታችንን በቋንቋው ላይ መጣላችን አይደለም። ከዚያ ወዲህ የጻፍነውን ያልጻፈው ባልደረባችን ሳያነበው ሥራ ላይ አናውለውም።

ሽማግሌውንም ይቅርታ ጠየቅናቸው። የዕረፍት ቀናቸው ተመለሰላቸው፤ ተዝካሩ ግን ያለ እርሳቸው ተደርጎ ነበር።