የሮማ ወርቅ በወረታ

ወረታ ከወረዳችሁ ሩዝ የተቀላቀለበትን እንጀራ ሳትቀምሱ እንዳትሄዱ! ፎገራ ድሮ ስሙ የሚነሳው በላሙ ነበር። በ1970ዎቹ ሩዝ ገባና ያ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ሜዳ መብል ሆነ።

የደብረ ታቦሩ መኪና እስኪሞላ ምግብ ቤት ገባሁላችሁ። የቤቱ እመቤት አንገታቸው ላይ ጠገራ ብር አስረዋል። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ናት። በ1780 ብትሞትም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል።

«ከማን አገኙት እማማ?»

«እናቴ ናት ያሰረችልኝ።»

ይሄን ጊዜ ጥግ የተቀመጠ ጎረምሳ ከመሐረቡ ቢጫ ነገር ፈታ። «እማማ፣ ይሄ የሮማ ወርቅ ነው። ሲታረስ የተገኘ። መልአክ አለበት፣ ይባርክዎታል። በብርዎ ልለውጥዎት?»

እማማ መልአክ ሲባሉ እጃቸው ወደ ማተባቸው ሄደ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልሆነልኝም! በጥንቱ የሮማ ወርቅ ላይ ያለችው ክንፋም ሴት መልአክ አይደለችም፤ ቪክቶሪያ የሚሏት የድል አምላካቸው ናት። ጁፒተር ከነመብረቁ፣ ሄርኩለስ ከነዱላው፣ ፀሐይም በአምላክነት ተቀርጸዋል። ንጉሡ «አማልክት ከኔ ጋር ናቸው» የሚለውን በየሰው እጅ የሚያስገባው በገንዘቡ ነበር። ወርቁ ወደኛም ዘልቋል። ኤርትራ ውስጥ መጠራ ላይ በቁፋሮ ሲገኝ የአንገት ጌጥ ተደርጎ ነበር፤ ልክ እንደ እማማ ብር!

የልጁን ተቀብዬ አየሁት። ወርቅ ይከብዳል፣ ይሄ እንደ ቆርኪ ቀለለኝ። ጠርዙ ተፍቆ መዳቡ ቀልቷል። እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ ሲታረስ የተገኘ ጥንታዊ ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለመንግሥት ይነገራል እንጂ ምግብ ቤት ውስጥ አይለወጥም። ይህን ስለው ልጁ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

«የኛ ነገሥታትስ ወርቅ አልነበራቸውም?» አሉ እማማ ብራቸውን ወደ ቀሚሳቸው እየመለሱ።

ነበራቸው እንጂ! አክሱም ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የራሷን ወርቅ መታለች። አናቱ ላይ ጨረቃና ክብ ነበረ፤ ኢዛና ክርስቲያን ሲሆን በመስቀል ተካው። ንጉሡን ግራና ቀኝ ያቀፉት ግን ሁለት የእህል ዛላዎች ናቸው።

«የምን እህል?»

«ስንዴ ወይ ገብስ ይሉታል።»

«እዚህ ቢሠራ ኖሮ ሩዝ ያደርጉበት ነበር» አሉና እንጀራ ጨመሩልኝ። ውጭ ረዳቱ «ደብረ ታቦር! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል።