ጓዙን ራሱ ያዘለ መንገደኛ

መንገደኛ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ጓዙን ሌላ ሰው የሚሸከምለት፥ ሁለተኛው ጓዙን በገዛ ጀርባው የሚያዝል ነው። ፊተኛው በጥቂት ቀን ብዙ ያያል። ሁለተኛው የሚያየው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ዳገቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ትከሻው ስለሚነግረው የሌላውንም ሰው ድካም ለማስተዋል ዕድል ያገኛል። በአገራችን በቀድሞው ዘመን የሰው ማዕርግ በተከታዩ ብዛት ይታወቅ ስለ ነበረ፥ ትልቅ ሰው በበቅሎ ሲሄድ ጋሻ ጃግሬው ከፊት፥ ስንቅ ተሸካሚው ከኋላ ይሆን ነበር። ይህን ልማድ ለመንቀፍ አልተነሣንም። ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ልናቀርብ የወደድነው፥ እኛ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻችን ጋራ የየራሳችንን ቦርሳ አዝለን በደቡብ አሜሪካ በምትገኘው በኮሎምቢያ ከተሞችና በካሪብ ባሕር ጠረፍ ያደረግነውን ጉዞ፥ ጉዞውም በቤታችን ያስነሣውን ነገር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጉዞውን ያሰብነው ወንድ ልጃችን ትምህርቱን ፈጽሞ ከቤት ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። እኅቱ በዚያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። አሳባችንን የሰሙ ዘመዶቻችን፥ «ቤተ ሰብ ይዞ አገር ማየት መልካም ነው፤ ነገር ግን የጨዋ ልጅ እንደ አጋሰስ ተጭኖ ሲሄድ ማን አይቶ ያውቃል?» እያሉ ገሠጹን። እኛ ግን ሦስት ደንብ አወጣን፤ የማንም ቦርሳ ከ8 ኪሎ እንዳይበልጥ፥ ካልታመመ በቀር ማንም ሸክሙን ለሌላው እንዳይሰጥ፥ ማታ ማታም ያየነውን ሳንነጋገር እንዳንተኛ። ቦርሳው ሲመዘን ልጁ ሁለት ጫማ አውጥቶ አስቀረ፤ ልጅቱ ከመጻሕፍቷ አንዱን ብቻ ያዘች፤ እኛም በርበሬውን ትተን በዳቦ ቆሎው ረካን። ገና ከቤት ሳንወጣ፥ ሰው ያስፈልገኛል የሚለው ነገርና በእውነት የሚያስፈልገው ነገር የተለያየ መሆኑ ታወቀን።

ዋና ከተማዪቱ ቦጎታ ከባሕር ወለል በላይ 2,640 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ተቈረቈረች ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አትሆንበትም። የጧቱ ብርድ፥ የከቀትር በኋላው ዝናም፥ በተራራው ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ሽታ አገራችንን አሳሰበን። ከሁሉም ይልቅ ደስ ያሰኘን የሕዝቡ የአነጋገር ክብር ነው። በእስፓንያ ቋንቋ እንደ እኛው «አንተ»ና «እርስዎ» የሚባልበት ቃል ልዩ ልዩ ነው፤ በቦጎታ ግን እናት ልጅዋን፥ ባል ሚስቱን «ኡስቴድ» ማለትም «እርስዎ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። በዚያው ደጋ «ሱ መርሴድ» የሚሉት ቃልም አለ፤ ፍቺው «ቸርነትዎ» እንደ ማለት ነው። ይህ ቃል ቀድሞ አገልጋይ ለጌታው ይለው የነበረ ነው፤ ዛሬ ግን አያት የልጅ ልጅዋን ስታቈላምጥ ትናገረዋለች። የጌታ መጠሪያ የነበረው ቃል ወደ ሕፃን ሲወርድ ማየት፥ አንቱታን ለምናከብር ለእኛ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ያረፍንበት ማደሪያ እመቤት ከኢትዮጵያ መምጣታችንን በሰማች ጊዜ፥ እነርሱ ቲንቶ የሚሉትን ቡና በትንሽ ስኒ አቅርባ፥ «ይህ ከእናንተ ቤት የወጣ ነው» አለችን። እውነትዋን ነው፤ የዚያ ቡና ዘር መነሻው የአገራችን የደቡብ ምዕራብ ደን ሲሆን፥ ወደ ኮሎምቢያ የደረሰው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ደግሞም አባቷ በኮርያ ጦርነት የዘመተ ወታደር እንደ ነበረ ነገረችን። ከላቲን አሜሪካ አገሮች ወደ ኮርያ ተዋጊ ጦር የላከች ኮሎምቢያ ብቻ ናት፤ የእርስዋም ሻለቃ ጦር፥ የእኛም ቃኘው ወደዚያ የደረሱት በ1951 ነው። ሁለት የደጋ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ በአንድ ሩቅ አገር፥ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር መዋጋታቸውን ልጆቻችን ከዚያች ሴት ሰሙ።

ከቦጎታ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን የዚፓኪራን የጨው ማዕድን አየን። የሙይስካ ሕዝብ እስፓንያውያን ከመምጣታቸው አስቀድሞ ከዚህ ስፍራ ጨው እያወጣ ይነግድ ነበር። ዛሬ ከምድር በታች በ180 ሜትር ጥልቀት ከጨው አለት ተፈልፍሎ በ1995 የተከፈተ ቤተ ክርስቲያን አለ። ልጁ ግድግዳውን በጣቱ ነክቶ ቀመሰና «አሞሌ ነው» አለ። እኛም የአፋርን ጨው በግመልና በአህያ ጭነው ወደ ደጋ ያወጡ የነበሩትን ነጋዴዎች አነሣንለት። ከዚያ ወዲያ ልጁ በሚያየው ነገር ሁሉ ፊት «ይህን ማን ተሸከመው?» እያለ መጠየቅ ጀመረ፤ ጥያቄውም የጉዞአችን ሁሉ መሪ ሆነ።

ወደ ሜደሊን በአውቶቡስ ተራራ ወርደን፥ የማግዳሌናን ወንዝ ተሻግረን፥ እንደ ገና ተራራ ወጣን። ይህች ከተማ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዕፅ ነጋዴዎች ጠብ ምክንያት ብዙ የሰው ደም የፈሰሰባት ነበረች። ድኾቹ ከሸለቆው በላይ በገደሉ ላይ ቤት ሠርተው ስለሚኖሩ፥ እህሉንም በሽተኛውንም በጀርባቸው ያወጡ ነበር። መንግሥት በ1995 የከተማ ባቡር ከፈተ፤ በ2004 በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሠረገላ ወደ ተራራው መንደሮች አወጣ፤ በ2011 ደግሞ ሳን ሃቪዬር በሚባለው ሰፈር 384 ሜትር ርዝመት ያለው በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ደረጃ ተከለ። ከዚያ በፊት ነዋሪው 28 ፎቅ ካለው ሕንፃ ጋራ የሚተካከል ከፍታ በእግሩ ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለው ደረጃ በሌላው ዓለም ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ትልልቅ መደብሮች ባሉ ስፍራዎች ነው፤ እኛ ግን አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፥ ጸጥ ብለው ቆመው ወደ ጎጆአቸው ሲወጡ አየን። ሰላም በደረጃ ብቻ መጣ አንልም፤ ነገር ግን ሹም የድኻውን ሸክም መዝኖ ማቃለሉ ድኻው ከተማዪቱን የእኔ ናት እንዲል እንደሚረዳ በዚያ ሰፈር አስተዋልን።

ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወዳለው የቡና ተራራ ሄደን አንድ ጧት ከለቃሚዎች ጋራ ዋልን። ቡናው በገደል ላይ ስለሚበቅል ለቃሚው ቅርጫቱን በወገቡ አስሮ ቀዩን ፍሬ እየመረጠ ይለቅማል። የአራታችን ልቃሚ ተደምሮ የአንዲት ሴት ልጅ ያህል አልሆነም። ማታ ቡናው ሲቀርብልን ማንም እንደ ቀድሞው በችኰላ አልጠጣም።

በሌሊት አውቶቡስ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ስንወርድ ብርዱ ጠፍቶ የቆላ ሐሩር ተቀበለን። ካርታሄናን ፔድሮ ደ ኤሬዲያ በ1533 ቈረቈራት። በ1586 እንግሊዛዊው ድሬክ ከዘረፋት በኋላ የእስፓንያ መንግሥት በግንብ ያሳጥራት ጀመር፤ ሥራው የተፈጸመው በ1796 ነው። በግንቡ ላይ ሲሄዱ በአንድ ወገን ባሕሩ፥ በሌላው ወገን አበባ የተንጠለጠለባቸው ሰገነቶች ይታያሉ። «ይህንስ ማን ተሸከመው?» ላለው ልጃችን መልሱ ከፊታችን ነበር። ከተማዪቱ ከአፍሪካ በግድ የተጋዙ ባሮች ከሚራገፉባቸው የአሜሪካ ወደቦች ዋነኛዪቱ ነበረች፤ ከድንጋዩም ብዙውን ያነሡት እነርሱ ናቸው።

በዚያች ከተማ ፔድሮ ክላቬር የሚባል ካህን ነበረ። በ1610 ከመጣ ጀምሮ የባሮች መርከብ በደረሰ ቁጥር ምግብና መድኃኒት ይዞ ወደ ወደቡ ይወርድ ነበር፤ በ1654 ሞቶ በ1888 ከቅዱሳን ተቈጠረ። በ1622 የመጨረሻውን የምንኵስና ቃል ኪዳን ሲፈርም፥ በላቲን ቋንቋ ራሱን የኢትዮጵያውያን የዘወትር አገልጋይ ብሎ ጻፈ። አስጐብኛችን ይህን ሲነግረን ልጅቱ ደንግጣ «ታዲያ የእኛ ሰዎች ነበሩን?» አለች። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ጥቁርን ሰው ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉት እንደ ነበረ፥ በካርታሄና የወረዱት ግን ከጊኔ፥ ከኮንጎና ከአንጎላ ጠረፍ የመጡ መሆናቸውን አስረዳናት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «በእኛ አገርስ ባሪያ የነበረው ማን ነው? በእኛስ ቤት?» አለች።

እኛም ተያየን። ከሁለታችን የአንዳችንን አባት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች አንዲት ሴት ነበረች። በቤታችን ስሟ ሲነሣ «ደግ ሞግዚት» ተብሎ ይታለፋል። በግንቡ ጥላ ተቀምጠን ለልጆቻችን ሁሉንም ነገርናቸው። ያች ሴት ሞግዚት ሆና አልተቀጠረችም፤ በልጅነትዋ ከአገርዋ ተወስዳ ለአያታችን ቤት የተሰጠች ባሪያ ነበረች። ኮሎምቢያ በ1851 ባወጣችው ሕግ ባርነትን ከ1852 መባቻ ጀምሮ ሻረች፤ በአገራችን ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። አዋጁ ሲነገር ያች ሴት የምትመለስበትን መንደር አታውቅምና በዚያው ቤት ኖራ በዚያው ቤት አረፈች። የምትጠራበትም ስም ጌቶቿ ያወጡላት ነበረ። ልጅቱ «እናቷ ያወጣችላትስ ስም?» ብላ ጠየቀች፤ ለዚህ መልስ አልነበረንም።

በማግስቱ ከካርታሄና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ሳን ባሲልዮ ደ ፓሌንኬ ሄድን። መንደሪቱን ከባርነት ያመለጡ ሰዎች መሥርተዋታል፤ መሪያቸው ቤንኮስ ቢዮሆ ሲሆን እስፓንያውያን በ1621 በካርታሄና ገደሉት። እስፓንያኛን ከኮንጎ ቋንቋ ጋራ ያዋሐደው ንግግራቸው እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ባህላቸውንም ዩኔስኮ በ2005 ከዓለም ቅርሶች ቈጥሮታል። በጥንቱ ዘመን ሴቶቹ የማምለጫውን መንገድ በሹሩባቸው ሠርተው ያሳዩ ነበር ይላሉ። አንዲት ባልቴት የልጃችንን ጠጕር እየሠሩላት የዘራቸውን ስም ወደ ላይ ሲቈጥሩ ዋሉ። ልጅቱ ሰምታ ሰምታ፥ «እነዚህ ስማቸውን ይዘው አመለጡ» አለች።

ከዚያ በ1525 ወደ ተቈረቈረችው ወደ ሳንታ ማርታ አለፍን። በከተማዪቱ ዳር ሲሞን ቦሊቫር በ1830 በ47 ዓመቱ ያረፈበት የሸንኮራ እርሻ ቤት አለ። ብዙ አገር ነጻ ያወጣው ይህ ሰው ሲሞት ያረፈበት ቤት እንኳ የሌላ ሰው ነበረ። ቀጥሎም በ1964 ወደ ተከለለው ወደ ታይሮና ደን ገብተን በዛፍ ሥር ሁለት ሰዓት ያህል ተጕዘን ከባሕሩ ደረስን። ከኋላው ያለው የሲዬራ ኔቫዳ ተራራ 5,700 ሜትር ያህል ስለሚወጣ፥ ከሞቃቱ አሸዋ እስከ በረዶው ያለው ርቀት ጥቂት ነው። በተራራው የሚኖሩት የአርዋኮ ሴቶች ሞቺላ የሚባል ከረጢት ከበግ ጠጕር ይሠራሉ። የእናቶቻችንን ስፌት የሚመስል ሥራ ነውና አንድ ገዛን፤ ለእርሱም ስፍራ ለማግኘት ከቦርሳችን አንድ ሹራብ አውጥተን ሰጠን።

ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንዲህ ያለ መንገድ ለመሄድ ብታስቡ፥ ጥቂት ልብስ ያዙ፤ ለቆላው አገር የቢጫ ወባ ክትባት ተከተቡ፤ ከደጋው ወደ ባሕሩ በየመካከሉ እያረፋችሁ ውረዱ። ከሁሉም በላይ ልጆቻችሁ የሚጠይቋችሁን ለመመለስ ተዘጋጁ፤ ጓዙን የተሸከመ ልጅ የሌላውን ሸክም ማየቱ አይቀርምና።

ከተመለስን በኋላ ልጅቱ በዕድሜ ወደ ገፉት አክስታችን ዘንድ ብዙ ጊዜ ተመላለሰች። አንዳንድ ዘመዶች «የሞተን ነገር መቀስቀስ ምን ይጠቅማል?» ብለው ተቈጡ። አክስታችን ግን አንድ ቀን ቡና እየጠጡ፥ ያች ሴት ወንዝ ስትወርድ ለራሷ ታንጐራጕረው የነበረውን፥ እናቷ ያወጣችላትን ስም ነገሯት። ስሙ አሁን በቤተ ሰባችን የትውልድ መዝገብ ውስጥ፥ ካዘለችው ሕፃን ስም አጠገብ ተጽፎአል።