የብዕር እንጀራ

በአገራችን «ሥራህ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ደራሲ ነኝ» ብሎ የሚመልስ ሰው ከሁለተኛው ጥያቄ አያመልጥም። «እሱስ ይሁን፤ መተዳደሪያህን ነው የጠየቅሁህ» ይባላል። ጥያቄው ከንቀት የመነጨ አይደለም። ጠያቂው በስም የሚያውቃቸው ደራሲያን ሁሉ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ሌላ እንጀራ የነበራቸው ናቸውና ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ ዕድሜያቸውን በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አሳልፈዋል። ከበደ ሚካኤል የመንግሥት ሹም ነበሩ። መንግሥቱ ለማ በዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቲያትር ቤት አስተዳድሯል። ሁሉም በወሩ መጨረሻ ደመወዛቸውን ፈርመው ይቀበሉ ነበር። ድርሰቱ የሚጻፈው ከዚያ በተረፈው ሰዓት፣ ከእንቅልፍ ተቀንሶ ነው።

በግሉ ጽፎ፣ ጽሑፉን ለፈለገው ሸጦ የሚያድረውን ሰው ዛሬ ወጣቶች በተውሶ ቃል «ፍሪላንሰር» ይሉታል። ቃሉ በእንግሊዝኛው መነሻው የጦር ሜዳ ነው። ዋልተር ስኮት «አይቫንሆ» በተባለው የ1819 ልብ ወለዱ የታወቀ ያደረገው ሲሆን፣ ትርጉሙም ለአንድ ጌታ ያልታሰረ፣ ጦሩን ለከፈለው ሁሉ የሚያከራይ ተዋጊ ማለት ነበር። አማርኛ ለዚህ ሰው እስከ አሁን የጸና ስም አላወጣለትም። ስም ያልወጣለት ሙያ ደግሞ በቀበሌ ፎርም ላይም ሆነ በጋብቻ ሽምግልና ላይ ማስረዳቱ አስቸጋሪ ነው።

ነገሩ ግን ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የማተሚያ መኪና ሳይመጣ በፊት በብዕሩ የሚያድር ሰው ነበረ፤ እርሱም ቁም ጸሐፊው ነው። ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ፣ ዳዊት ወይም ተአምረ ማርያም ላጻፈው ሰው ወራት ተቀምጦ ይጽፋል። አጻፊው እስኪፈጸም ድረስ ይቀልበዋል፤ ሲፈጸም ዋጋውን ይሰጠዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ቁም ጸሐፊው ወደ ሌላ አጻፊ ይሄዳል። የሚያስገርመው ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ ይከፈለው የነበረው ገልባጩ እንጂ አመንጪው አለመሆኑ ነው። ከባድ ቅኔ የተቀኘው ባለቅኔ የሚያገኘው አድናቆትና ክብር ነበር። ተማሪው ደግሞ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። የራሱን ሐሳብ ጽፎ በራሱ ሐሳብ ዋጋ ማደር የሚለው ምኞት ከማተሚያ ቤት ጋር የመጣ አዲስ ነገር ነው።

ይህን ምኞት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እስከ መጨረሻው ከፈተኑት ቀዳሚዎች አንዱ አቤ ጉበኛ ነው። አቤ የጎጃም ሰው፣ በቅኔ ቤት ያደገ፣ አኮፋዳን የሚያውቅ ነበር። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በጋዜጠኝነትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቷል። ከዚያ ግን ብዙዎች የማይደፍሩትን አደረገ፤ ሥራውን ትቶ በብዕሩ ብቻ ለመተዳደር ተነሣ። በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የተባለው መጽሐፉ ወጣ። ገና በማኅፀን ሳለ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ የሚከራከረው ሕፃን ታሪክ በገበያ ላይ የቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። መጽሐፉ ተለቅሞ ታገደ፤ ደራሲውም ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ ተጋዘ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሒሳቡን ማሰብ ይገባል። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ማሳተም ማለት በአብዛኛው ደራሲው ራሱ ለማተሚያ ቤቱ ቀብድ ከፍሎ፣ ቀሪውን ከሽያጭ ለመክፈል ተስማምቶ፣ ከዚያም የታተመውን ተሸክሞ ከመጽሐፍ መደብር መደብር መዞር ማለት ነው። ደመወዝ ያለው ደራሲ መጽሐፉ ቢታገድበት ያዝናል፤ ምናልባትም ይቀጣል፤ ግን በወሩ መጨረሻ ቤቱ ዱቄት ይገባል። ደመወዝ የሌለው ደራሲ መጽሐፉ ሲለቀም የሚለቀመው የዓመት ቀለቡ ነው። አቤ ይህ ከደረሰበት በኋላም አላቆመም። በአፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ላይ የተመሠረተውን «አንድ ለእናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. አወጣ፤ ልብ ወለድ፣ ግጥምና ቲያትር ጻፈ፤ በእንግሊዝኛም ሞከረ። በአሜሪካ አዮዋ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የደራሲያን ጉባኤም ተካፈለ። በ1972 ዓ.ም. አረፈ። ከሥራዎቹ መካከል ተጣድፈው የተጻፉ የሚመስሉ እንዳሉ ሐያስያን ይናገራሉ፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የቤት ኪራይ በየወሩ የሚጠይቀውን ሰው ለምን አንድ ምዕራፍ አሥር ጊዜ አልጻፍክም ብሎ መውቀስ ቀላል የሚሆነው ለወቃሹ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሰው መንገዱ ሌላ ነበር። አቤ በግዞት በተላከበት በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር፣ ሱጴ በምትባል ቦታ የተወለደው በዓሉ ግርማ፣ ከተማሪነቱ ዘመን አንሥቶ የጋዜጣ ሰው ነበር። በአዲስ አበባና በአሜሪካው ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ «መነን» መጽሔትን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ንና «አዲስ ዘመን»ን በአዘጋጅነት መርቷል፤ ከአብዮቱ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ደርሷል። ልብ ወለዶቹ ሁሉ የተጻፉት በዚህ ሥራ ጎን ነው። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም.፣ «የሕሊና ደወል» በ1966፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው» በ1972 ዓ.ም. ታተሙ። «ደራሲው» ስለዚሁ ስለ ብዕር ኑሮ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ሲራክ የተባለው ዋና ገጸ ባሕርይ ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የተቀዳ እንደሆነ አንባቢው ሁሉ ያውቃል። የደመወዝተኛው ደራሲ ብዕር ደመወዝ ወደማይገዛው ደራሲ ደጋግሞ ማየቱ ያለ ምክንያት አይመስልም።

ደመወዝ ለበዓሉ የሰጠው ቀለብ ብቻ አልነበረም፤ ጉዳይም ሰጥቶታል። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ በኤርትራ ሲካሄድ አሥመራ የወሰደው የፕሮፓጋንዳ ሥራው ነው። እዚያ ያየው፣ የሰማውና የታዘበው በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ሆኖ ወጣ። በግሉ የሚጽፍ ድሃ ደራሲ በዚያ ጊዜ ባለሥልጣኖቹ ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ በምን መንገድ ይገባ ነበር? አይገባም። ስለዚህም ቢሮው የደራሲውን ጊዜ ይበላል የሚለው የተለመደ አቤቱታ ግማሽ እውነት ነው። ቢሮው የሚበላውን ያህል ያበላል፤ የሚያበላውን ግን ቆጥሮ ይዟል። «ኦሮማይ» ያሳተመው የመንግሥቱ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ መጽሐፉን የለቀመውም መንግሥት ነው፤ ደራሲውን ከሥራ ያሰናበተውም ያው መንግሥት ነው። አሠሪ፣ አሳታሚ፣ ሳንሱርና ፖሊስ አንድ አካል ሲሆኑ ደራሲው የሚሸሽበት ሌላ ደጃፍ አይኖርም። መጽሐፉስ ሸሸ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በድብቅ ተነበበ። ከዚያ ግን ለደራሲው ኪስ የሚገባ ሳንቲም አልነበረም።

በዓሉ ያለ ደመወዝ የቆየበት ጊዜ መንፈቅ ያህል ብቻ ነው። በ1975 ዓ.ም. ማብቂያ ከሥራው ተሰናበተ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ቃሊቲ ላይ ቆማ ተገኘች። ቃሊቲ ያን ጊዜ የከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ፣ የፋብሪካና የጭነት መኪና ሠፈር ነበረች። በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሠራተኛና ሾፌር አንዲት ትንሽ መኪና ዳር ይዛ ቆማ ቢያይ የሚደንቀው ነገር አልነበረም።

ስለ ደራሲ መብት የሚናገረው ሕግ በአገራችን ቆየት ያለ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። በኋላም በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት የደራሲው የጥቅም መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የሞተበት ቀን ያልታወቀውን ደራሲ 50 ዓመት ከየት ጀምሮ መቁጠር እንደሚገባ የሚያከራክር ነው። «ኦሮማይ» በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካና በእንግሊዝ ታትሟል። በአማርኛ ከተለቀመ ከ40 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

የቃሊቲ ስም ከብዕር ጋር የተያያዘበት ሌላም ምክንያት አለ። «ዓለም በቃኝ» ይባል የነበረው አሮጌው ወኅኒ በ1999 ዓ.ም. ፈርሶ ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት ሲሰጥ፣ የከተማው ሰው ስለ እስር ሲናገር የሚጠራው ስም ቃሊቲ ሆነ። የቅድመ ኅትመት ሳንሱር በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ከተሻረ በኋላ ለግል ጋዜጦች በየጽሑፉ እየተከፈላቸው የሚጽፉ ሰዎች ተበራክተው ነበር። ከእነዚህ አንዷ ርዕዮት ዓለሙ ናት። ርዕዮት የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች፤ «ፍትሕ» በተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ዓምድ ትጽፍ ነበር። የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ኑሮ ይኸው ነው፤ ቀን ጠመኔ፣ ማታ ብዕር። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ታሰረች፤ 14 ዓመት ተፈረደባት፤ በይግባኝ ወደ 5 ዓመት ዝቅ አለላት፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ተፈታች። በእስር ሳለች በ2005 ዓ.ም. የዩኔስኮ የጊለርሞ ካኖ ሽልማት ተሰጣት። በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስምንት ዞኖች ነበሩ። እስረኞችን ሊጠይቁ ይመላለሱ የነበሩ ወጣቶች ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር ዘጠነኛው ዞን ብለው ሰየሙት፤ ራሳቸውንም «ዞን ዘጠኝ» አሉ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከእነርሱ ጋር ከታሰሩት ጋዜጠኞች መካከል ተስፋለም ወልደየስ በግሉ ለልዩ ልዩ ጋዜጦች የሚጽፍ ነበር። ቋሚ መሥሪያ ቤት የሌለው ጸሐፊ ሲታሰር የሥራ ባልደረባዬ ነው ብሎ የሚቆምለት አለቃ የለውም፤ ደመወዙን ለቤተሰቡ የሚያቆይለት ሒሳብ ክፍልም የለም።

ይህ ሁሉ የታላላቆቹ ታሪክ ነው ተብሎ ወደ ዕለት ኑሮ ሲመለሱ ደግሞ ነገሩ ያነሰ ግን የበዛ ነው። ዛሬ በቃሊቲ ከሚኖሩት መምህራን አንዱ ልብ ወለድ ጽፎ ጨረሰ እንበል። ከአደባባዩ አካባቢ ባቡሩን ተሳፍሮ መሐል ከተማ ይወርድና ከማተሚያ ቤት የዋጋ ማቅረቢያ ይጠይቃል። የሚነገረው ዋጋ የሚጸናው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነውና ዋጋው ከርሞ አይገኝም። ስለዚህ ከዕቁብ ያወጣውን፣ ከወንድም የተበደረውን ሰብስቦ ቀብድ ይከፍላል። መጽሐፉ ሲወጣ አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ድርሻውን ይቀንሳል፤ መደብሩ በአደራ ወስዶ «ሲሸጥ ና» ይለዋል። ጥሩ ከተነበበ ደግሞ በሳምንቱ ፎቶው ተነሥቶ በቴሌግራም በነፃ ይሰራጫል። አድናቂዎቹ በዚያው በስልካቸው እንዳነበቡት በደስታ ይነግሩታል፤ እርሱም ያመሰግናቸዋል።

አንዳንዶች መፍትሔው ለሌላው መጻፍ ነው ይላሉ። ለድርጅት የምሥረታ በዓል መጽሔት፣ ለባለሀብት የሕይወት ታሪክ፣ ለሬዲዮ ድራማና ለማስታወቂያ መጻፍ ይከፍላል። ማሞ ውድነህ ብዙ የስለላና የጦርነት መጻሕፍት ተርጉመው ሰፊ አንባቢ ማፍራታቸው ትርጉምም አንድ በር እንደሆነ ያሳያል። እነዚህን ሥራዎች መናቅ አይገባም። ቁም ጸሐፊውም ዳዊት የጻፈው ለሌላ ሰው ነበር። ችግሩ ዋጋው ነው። በቃል ቢቆጠር፣ በገጽ ቢቆጠር ወይም በጥቅል ቢባል የጸና ልማድ የለም። ውሉ በቃል ነው፤ ቀብድ የጠየቀ ጸሐፊ እንደ ስግብግብ ይታያል። ግድግዳ ለማስለሰን ለግንበኛ ቀብድ የሚሰጥ ሰው ለጸሐፊ ሲሆን «መጀመሪያ ልየው» ይላል።

መምህሩ እንግዲህ ሒሳቡን ሲያደርግ ደመወዙን ሊተው አይችልም፤ ብዕሩንም አልተወም። ከሰዓት በኋላ አስጠኚነት ይዟል፤ የአስጠኚነቱን ገንዘብ ለማተሚያ ቤቱ ዕዳ ያውለዋል። ከ1,000 ቅጂ ውስጥ 300 ያህሉ በአልጋው ሥር በካርቶን አሉ። ባለቤቱ በካርቶኑ ላይ ጨርቅ አልብሳ የቡና ረከቦት ታኖርበታለች። ሁለተኛውን ልብ ወለድ የጀመረው ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ነው፤ አሁን አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሷል።