በሩን አላስቀባውም

ያሳደስኩት የአባቴ አሮጌ መኪና ተነሥቶ ድምፁን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ቀጥሎ ዞር ዞር ብሎ ያየውና «ቀለሙንስ መቼ ነው የምታስቀባው?» ይለኛል። ጓደኛም ዘመድም የሚጠይቀኝ ይኼንኑ ስለሆነ፣ ለአንዱ በስልክ ለሌላው ቡና ላይ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው። ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ላንድሮቨር ነው። «ሲሪዝ ቱ ኤ» ከሚባለው፣ ከረጅሙ፣ ከኋላው ካሶኒ ካለው ዓይነት። ይህ ሞዴል በፈረንጆቹ ከ1961 እስከ 1971 ነው የተሠራው። የእኛው የፊት መብራቶቹ ገና መሐል ላይ፣ ከፍርግርጉ ጋር ናቸው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የወጡት ግን መብራታቸው ወደ ፓራፋንጎው ሄዷል። ሊብሬው 1960 ዓ.ም. ይላል፤ መብራቱም ይመሰክርለታል።

ብዙ ሰው ላንድሮቨርን የሚያስታውሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና ሆኖ ነው። ሲፈጠር ግን የገበሬ መኪና ነበር። የሮቨር ኩባንያው መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ አንግልሲ ደሴት ላይ እርሻ ነበረው፤ እርሻውን የሚያገለግለው ከጦርነት የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ነበር። ጂፑ ሲደክም በምን እተካዋለሁ የሚለው ሐሳብ ነው ላንድሮቨርን የወለደው። በፈረንጆቹ 1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ ጭነት የሚጭን፣ ማረሻ የሚጎትት፣ ከሞተሩ ጉልበት ተቀብሎ በቺንጋ ሌላ ማሽን የሚያዞር መኪና ተብሎ ነው። እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ ስለነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት። ሻንሲውን ግን የብረት ላሜራ እየቆረጡ፣ አራቱን ጎን እንደ ሣጥን እየበየዱ ነው ያቆሙት።

የቀለም ጥያቄ መልሱ ከዚህ ነው የሚጀምረው። አሉሚኒየም አይዝግም። ስለዚህ ሃምሳ ዓመት ጭቃ ውስጥ የከረመ ላንድሮቨር ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ጥሩ ቀለም ቢቀባ አዲስ ይመስላል። ሻንሲው ግን ውስጡ ክፍት ነው። ውኃና ጭቃ ይገባበትና መውጫ ያጣል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። የውጭ አልጋ የውስጥ ቀጋ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ጋሼ የምንላቸው መካኒክ በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሞተሩን መክፈት አልነበረም። ከመኪናው ሥር ተኝተው በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን ከፊት ወደ ኋላ መቆርቆር ጀመሩ። ጤነኛው ብረት ጥርት አድርጎ ይጮኻል። የኋላው ባሌስትራ ከሚታሰርበት ቦታ ሲደርሱ ድምፁ ታፈነ፤ አንዴ ጠንከር ሲያደርጉት መዶሻው ወደ ውስጥ ገባ። ከቀዳዳው የዝገት ቅርፊት ረገፈ፣ ከቅርፊቱ ጋር ደግሞ የስንዴ ገለባ። ስንት አዝመራ በላዩ እንዳለፈ ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት። ገለባው ዝናብ ሲጠጣ እርጥበቱን ይዞ ያቆየዋል፤ ብረቱን የጨረሰውም እሱ ነው።

የበሰበሰው ሁሉ ተቆርጦ ወጣ። ካሶኒው ተነሣ፤ የሻንሲው የኋላ ግማሽ በአዲስ ላሜራ ተበየደ፤ ከሥሩ ውኃ ማውጫ ቀዳዳዎች ተበሱለት፤ ውስጡ ዘይት ተረጨ። አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር በቀጥታ በተነካካበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ጋሼ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቀጫጭን ቁራጮች እየቆረጡ በሁለቱ መሐል አስገቡ፤ ብሎኖቹንም በአዲስ ለወጡ። ያን ነጭ ዱቄት በስቱኮ ሞልቶ ከላዩ ቀለም መርጨት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ዓይንም ይሞላል። ከሁለት ክረምት በኋላ ቀለሙ እንደ ልጣጭ ይነሣል።

የበሩ ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። ባትላሜራው ልጅ የሹፌሩን በር በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ጀምሮ ነበር፤ ቆሜ ሳይ ከሰማያዊው ቀለም ሥር ነጭ ፊደል ብቅ አለ። «ቆይ፣ ቆይ» ብዬ አስቆምኩት። በውኃ እያረጠብን ቀስ ብለን ስንሄድበት «ገበሬ ማኅ» የሚል ወጣ። ቀጥሎ ያለው ስም ተፍቋል፤ አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ቀርቷል። በእጅ የተጻፈ ነው፤ የጸሐፊው ብሩሽ «ገ» ላይ ቀለም በዝቶበት ትንሽ ወርዷል። ከነጩ ሥር ጠቆር ያለ አረንጓዴ አለ፣ የፋብሪካው። ከመስኮቱ ሥር፣ ሹፌር ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦታ ደግሞ ሦስቱም ቀለም አልቆ አሉሚኒየሙ ብቻ ያበራል።

ቀለሞቹ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ይህ መኪና ወደ አርሲ የመጣው በአንድ ባለመሬት ነው። ዘመኑ ካዱ የምንለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመበት ነበር። ማዳበሪያና የተሻሻለ የስንዴ ዘር መጣ። የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር፤ ብዙ ገበሬም ተጠቅሞበታል። ነገር ግን ስንዴ ሲያዋጣ ባለመሬቱ ትራክተር ገዛ፤ ትራክተር ሲገዛ ጭሰኛው ትርፍ ሰው ሆነ። በአርሲ ብዙ ቤተሰብ ከኖረበት መሬት የተነሣው በዚያን ጊዜ ነው። የእናቴ አባት የሚያርሰው ተዳፋት ስለነበር ትራክተር አይወጣውም፤ በዚያ ተረፈ። ከአውድማው የባለመሬቱን ድርሻ ጭኖ የሚሄደው ይኸው ላንድሮቨር ነበር። እናቴ ያኔ ልጅ ናት። ሞተሩን ከሩቅ ስትሰማ ቤት ውስጥ ወሬ እንደሚቆም ታስታውሳለች።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መኪናው ለገበሬ ማኅበሩ ቀረ፤ በሩ ላይ የተጻፈው ያኔ ነው። አያቴ እህሉን በጫነበት መኪና ላይ እሱ ራሱ ተቀመጠ። ሴት አያቴን ምጥ ጠንቶባት ሌሊት ወደ አሰላ ያደረሳትም ይኸው ነው፤ ታናሹ አጎቴ በዚያ ሌሊት ተወለደ። በቅይጥ ኢኮኖሚው ጊዜ የማኅበራቱ ንብረት ሲበተን አባቴ በጨረታ ገዛው። ሰማያዊ አስቀባው። ገብስ፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት ሲጭንበት ኖሮ፣ ሻንሲው ሲሰበር ወፍጮ ቤት ጓሮ አቆመው።

እንግዲህ ልመልሰው ብል የቱ ዘንድ ልመልሰው? ወንድሜ ከፋብሪካ የወጣበትን አረንጓዴ ይፈልጋል፤ እውነተኛ እድሳት ማለት እሱ ነው ይላል፤ ብዙ የአሮጌ መኪና ወዳጆችም ከእሱ ጋር ናቸው። አጎቴ ነጩ ጽሑፍ በአዲስ ቀለም ደምቆ እንዲጻፍ ይፈልጋል። እናቴን ስጠይቃት ብዙ አልተናገረችም። «አረንጓዴውን አታምጣብኝ» ብቻ ነው ያለችኝ።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ነፍስ የሚይዘውን ነገር ሁሉ አዲስ አደርገዋለሁ፤ ፊቱን አልነካም። ሻንሲ፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ መብራት ላይ ለትዝታ ብዬ የማስቀረው አሮጌ ነገር የለም። በሩ፣ ኮፈኑና ካሶኒው ግን ሦስቱ ዘመናት የተዉባቸውን ቀለም እንደያዙ ይቆያሉ። አንዱን ዘመን መርጬ ሌሎቹን ሁለቱን በስቱኮ ብደፍን፣ ቆንጆ መኪና ይኖረኛል፤ የአያቴ፣ የእናቴና የአባቴ መኪና ግን አይሆንም።

ስለ ፍሬኑ ሳልናገር አላልፍም። የያኔው ላንድሮቨር የፍሬን መስመሩ አንድ ብቻ ነው፤ ለአራቱም ጎማ። አንድ ቦታ ዘይት ቢያፈስ አራቱም ይለቃሉ፤ ሁለተኛ መስመር የለም። ስለዚህ ቱቦዎቹን በሙሉ፣ ጎሚኒዎቹን በሙሉ፣ የፍሬን ሸራዎቹን በሙሉ ቀየርናቸው። ለቀለም ከተባለው ገንዘብ አብዛኛው እዚህ ነው የገባው። ቀለሙ መስታወት የሚመስል፣ ፍሬኑ ግን ተከፍቶ ያልታየ አሮጌ መኪና በሠርግ አጀብ ላይ ስንቴ አይቻለሁ። ሙሽራ ጭኖ! ይህ ያናድደኛል፤ እንዲህ ያለውን መኪና የታደሰ ማለት አይገባም።

ሞተሩ ብዙ አላስቸገረም። አራት ሲሊንደር፣ 2,286 ሲሲ፣ የቤንዚን ነው። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ቫልቮቹ ታዩ፣ ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ፣ ካርቡራቶሩ ታጠበ። ዕቃው የተወሰነው ከሶማሌ ተራ ተገኘ፤ ሌላውን ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ ይዞት መጣ። ሲሠራ 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። አሰላ ግን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ የዚያ ሩቡ ያህል ይጠፋል። ዳገት ላይ ቀስ ይላል። ይበል፤ ለችኮላ አልተሠራም።

ማርሹ ግን ትምህርት ቤት ነው። አንደኛና ሁለተኛው እንደ ዛሬ መኪና በራሳቸው ተስማምተው አይገቡም፤ ሹፌሩ ነው የሚያስማማቸው። ጋራዡ ውስጥ የሚሠራው ወጣት ጎበዝ መካኒክ ነው፤ ቶዮታ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታል። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሊመልስ ሲል ግን ካምቢዮው ጮኸበት። ጋሼ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ አትታገለው» አሉት። «ፍሪሲዮኑን ርገጥና ማርሹን አውጣ። ልቀቀው። ነዳጅ ሰጠት አድርግለት። አሁን እንደገና ርገጥና አስገባ።» ሰፈሩን አዙረው ሲመለሱ ማርሹ ድምፅ አልነበረውም። ልጁ ወርዶ እጁን ሲጠርግ ፊቱ በርቶ ነበር። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ሳይሆን አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ ያ ሰው ደግሞ አርጅቷል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አክብዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ታግዷል። የኤሌክትሪክ መኪናው ነገር መልካም ነው፣ አልቃወምም። ይሁን እንጂ በየገጠሩ ጓሮ የቆሙት አሮጌ የጭነት መኪኖች ነገ ተነሥተው ድንችና ሽንኩርት ማመላለሳቸው አይቀርም፤ ምትካቸው ገበሬው እጅ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ነው። ሻንሲ በመዶሻ የሚያዳምጥ ሰው ያኔ ያስፈልገናል። እባካችሁ ጋራዥ ያላችሁ፣ ሽማግሌዎቹን መካኒኮች በር ላይ ወንበር ሰጥታችሁ አታስቀምጧቸው፤ ልጆቹን ከሥራቸው አድርጉላቸው።

በሩን አሁን በለስላሳ ሳሙና አጥበን ሰም ቀብተነዋል፤ ዝናብ አይጎዳውም። መኪናው ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎውን ለጥፏል። ከመስከረም በኋላ አጎቴ የድንች ዘር ሊጭንበት ቀን ቆርጧል፤ መኪናው ሥራ ፈትቶ አይቆምም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ይህን ያህል የጻፍኩትም ለእሱ ጭምር ነው። በበሩ ላይ የማኅበሩ ስም ጠፍቷል። ቤተሰቡ ውስጥ ሁለት የተለያየ ስም ነው የሚነገረኝ፤ ሰነድ ደግሞ አላገኘሁም። ከ1967 እስከ 1982 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አሰላ ዙሪያ የነበራችሁ፣ ወይም አባታችሁ የማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ሹፌር የነበረ፣ እቤት አልበማችሁን እዩልኝ። ሰዎች መኪናው አጠገብ ቆመው የተነሡት ፎቶ ካለ፣ ከኋላቸው ያለው በር ላይ ስሙ ይነበብ ይሆናል። ጽሑፉን ልሞላበት አይደለም፤ እንዳለ ይቆያል። ስሙን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እናቴም ትፈልጋለች። ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፎቶውን ራሴ መጥቼ ገልብጬ ወዲያው እመልሳለሁ።