ቅጠሉ ለምን ነጣ?



ልደታ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ፍርድ ቤቱን ነው። ጠዋት ጠዋት ፋይል በብብታቸው ሸጉጠው፣ ምስክር አስከትለው የሚመጡ ሰዎች በሰፈራችን ያልፋሉ። እዚህ ስንኖር አንድ ቃል ከጆሯችን አይጠፋም፤ «ሰነድ»። ቃሉን መድረሳ ስንቀራም እናውቀዋለን። አንድ ሐዲስ ከማን ወደ ማን ተላልፎ እንደደረሰን የሚያሳየው የአስተላላፊዎች ሰንሰለት ሰነድ ይባላል። ንግግሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሰነዱ መሐል ላይ ከተበጠሰ ዑለማዎቹ ቆም ይላሉ።

ዛሬ ይህን ቃል ወደ ፎቶ ልናመጣው ነው። ምክንያታችን ክረምቱ እንደወጣ ከአንድ የልደታ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ሆነን ወደ እንጦጦ ያነሳነው ፎቶ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል። የጋራው ባሕር ዛፍ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ሆኗል። ያሳየናቸው ልጆች ሁሉ የጠየቁን አንድ ጥያቄ ነው፤ «ኡስታዝ፣ ይሄ በኤአይ የተሠራ ነው አይደል?»

አይደለም። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከአንድ መስመር ይረዝማል።

እኛ የምንለው ሦስት ጓደኛሞችን ነው። አንዱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ አንዱ መስጂድ ውስጥ ኢማሙን ያግዛል። መጻፉ የደረሰው ለሦስተኛው ነው። ሲመቸን ቅዳሜና እሑድ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ካሜራ ይዘን እንወጣለን። የምናነሳው ጋራ፣ ዛፍ፣ ደመናና ሕንፃ ነው።

ዕቃችን ውድ አይደለም። ዋናው ሌንሳችን ሄሊዮስ 44-2 ይባላል። ዘኒት ከሚባለው የሶቪየት ካሜራ ጋር ይመጣ የነበረ ነው፤ የጓደኛችን አባት በደርግ ጊዜ ገዝተውት ዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አሠራሩ ቢዮታር ከሚባለው የጀርመኑ ዛይስ ሌንስ የተወሰደ ነው። ካሜራው ላይ የሚታሰረው እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ ስለሆነ፣ በአንዲት የብረት ቀለበት አማካይነት ዛሬ በሚሸጡ ዲጂታል ካሜራዎችም ላይ ይገጠማል። ውስጡ ባትሪ የለም፣ ሞተር የለም፣ ኮምፒዩተር የለም። ፎከሱ በእጅ ይዞራል፤ የብርሃኑ መግቢያ በእጅ ይጠባል። ካሜራው የሚያስብልን ነገር የለም።

በስልክ አንድ ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ፎቶ ይነሳል። በዚህ ሌንስ በአንድ ጠዋት አሥር ከሞላን በዝቶልናል። ያ መዘግየት ጥቅም አለው። ፎከሱን ለማስተካከል ስንጠመዝዝ፣ መጀመሪያ ቅርብ ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ይጠራል፤ ቀጥሎ የባቡሩ ድልድይ፤ ቀጥሎ ሩቁ ጋራ። በየቀኑ ያለፍንበትን ሰፈር ደረጃ በደረጃ እንደ አዲስ እናየዋለን።

አሁን ወደ ነጩ ቅጠል እንምጣ። ከማብራራታችን በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። የቴሌቪዥን ሪሞት አንሱ። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ አምፖል ወደ ስልካችሁ ካሜራ አዙሩና ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኑ። በዓይናችሁ ስታዩ ምንም የለም። በስክሪኑ ላይ ግን አምፖሏ ብልጭ ብልጭ ስትል ታያላችሁ። የኋላው ካሜራ ካላሳያችሁ የፊቱን ሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ እሱ ያሳያል።

ያ ብርሃን ኢንፍራሬድ ይባላል፤ ከቀዩ ብርሃን ቀጥሎ ያለ ማለት ነው። የሰው ዓይን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ገደማ ያለውን ነው። የካሜራ ሴንሰር ግን እስከ 1,000 ገደማ ድረስ ይሰማዋል። ፎቶው ዓይናችን የለመደውን እንዲመስል ፋብሪካዎቹ ሴንሰሩ ፊት ኢንፍራሬድን የሚከለክል ቀጭን መስታወት ያደርጋሉ። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ጓደኛችን ከአንድ አሮጌ ካሜራ ላይ ይህን መስታወት አውጥቶታል። (እናንተ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። የፍላሹ ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ካሜራው ከጠፋ በኋላም ክፉኛ ሊመታ ይችላል።) ከዚያ ሌንሱ ፊት ጥቁር የሚመስል ፊልተር እናስራለን። ይህ ፊልተር የምናየውን ብርሃን ከልክሎ ከ720 ናኖ ሜትር ገደማ ወዲያ ያለውን ያሳልፋል። ካሜራውን ሳይፈቱ ፊልተሩን ብቻ መጠቀምም ይቻላል። ያኔ ግን የሚያልፈው ብርሃን በጣም ትንሽ ስለሆነ ካሜራውን መቆሚያ ላይ አስቀምጦ ለአንድ ፎቶ ብዙ ሰከንዶች መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያ መሐል ነፋስ ከመጣ ቅጠሉ ጭጋግ ይመስላል።

ብዙ ሰው ይህን ከሙቀት ካሜራ ጋር ያምታታዋል። የሰውነት ሙቀት የሚያሳዩት ካሜራዎች የሚሠሩት ከዚህ በጣም በሚረዝም ሞገድ ነው። የእኛ ካሜራ የሚያየው ከፀሐይ መጥቶ፣ ዛፉ ላይ አርፎ የተመለሰውን ብርሃን ነው።

ቅጠል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ምግቡን ለማዘጋጀት ይውጠዋል፤ ከአረንጓዴው ከፊሉን ይመልሳል፤ ስለዚህ አረንጓዴ ሆኖ እናየዋለን። ኢንፍራሬዱ ግን ለዚህ ሥራ አይሆነውም። ቅጠሉ ውስጥ ባሉት ሕዋሳትና የአየር ክፍተቶች መሐል ተንገላቶ ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ይወጣል። ቅጠሉ የነጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሰማዩ የጠቆረው ደግሞ አየር አጭሩን ሞገድ እንጂ ረጅሙን እምብዛም ስለማይበትን ነው። በዚሁ ምክንያት ቀለል ያለ ጉም ውስጥ ያለ ጋራ ጠርቶ ይታያል። ከልደታ ሆነን በዓይናችን ደብዘዝ ብሎ የምናየው እንጦጦ በፎቶው ላይ ቀረብ ያለ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሱብሓነላህ! ጌታችን በምናየውም በማናየውም ነገር መማሉን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንቀራው ኖረናል። አንቀጹ ስለ ኢንፍራሬድ የወረደ ነው አንልም፤ ቁርአንን በየጊዜው በሚወጣ መሣሪያ መፍታት ተገቢ ነው ብለንም አናምንም። ነገር ግን ሰው ያላየውን ሁሉ «የለም» ለማለት እንዳይቸኩል ይህ ነጭ ቅጠል ጥሩ አስታዋሽ ነው።

ስለ ብርሃን በማጥናት ሙስሊሞች እንግዳ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በበስራ ተወልደው ካይሮ ውስጥ የኖሩት ኢብኑል ሀይሰም «ኪታቡል መናዚር» በተባለው ሥራቸው፣ የምናየው ከነገሮች ወደ ዓይናችን በሚመጣ ብርሃን እንደሆነ አስረድተዋል። ቀዳዳ ባለው ጨለማ ክፍል ፊት ብዙ መብራቶችን ደርድረው፣ አንዱ ሲጋረድ ግድግዳው ላይ የሚጠፋው የዚያው መብራት ብርሃን ብቻ መሆኑን አይተዋል። የቀደሙ ሊቃውንት የጻፉትን እንኳ ሳይመረምሩ አይቀበሉም ነበር። ከእሳቸው ብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1800 ዊሊያም ኸርሽል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ዘርግተው ከቀዩ ቀለም ውጭ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጡ ሙቀቱ ሲጨምር አዩ። ዓይን ምንም ባላየበት ቦታ ብርሃን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ደግሞ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ ቅጠላቸው የነጣ፣ ሰማያቸው የጠቆረ የመልክዓ ምድር ፎቶዎችን አሳተሙ።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ የተደበቀ የጦር መሣሪያን ሕያው ከሆነ ቅጠል ለመለየት በኢንፍራሬድ ፊልም ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ምድርን በዚሁ ብርሃን ጭምር እያነሱ ነው። ዕፅዋት ቀዩን ምን ያህል እንደዋጡ፣ ኢንፍራሬዱን ምን ያህል እንደመለሱ ሲነጻጸር ምድሩ መለምለሙና መድረቁ ይለካል። በአገራችን የ1977ቱን ረሃብ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች አሁንም በመሐላችን አሉ። ከዚያ እልቂት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት የተቋቋመው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ከሚጠቀምባቸው መረጃዎች አንዱ ይኸው የቅጠል ልኬት ነው። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ምድር የመጀመሪያዋን ሳተላይት ስታመጥቅ፣ ዓላማው ግብርናን፣ ደንንና የውሃ ሀብትን ከላይ መከታተል ነበር። እኛ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ሆነን እንደ መዝናኛ የያዝነው ነገር፣ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ እህል ቀድሞ እንዲደርስ የሚረዳ እውቀት ነው።

ታዲያ ፎቶው እውነት ነው ወይስ ውሸት? መልሳችን ይኸው ነው። ብርሃኑ ነበረ፤ ዛፉ ነበረ፤ ካሜራው የተሰጠውን ተቀብሏል። ነገር ግን ኢንፍራሬድ ዓይናችን የሚያውቀው ቀለም የለውም። ፎቶው ላይ የምታዩት ቀለም አንሺው የመረጠው ነው። እኛ ጥቁርና ነጭ እናደርገዋለን። ሌሎች ቀዩንና ሰማያዊውን አቀያይረው ቅጠሉን ወርቃማ ወይም ሮዝ ያደርጉታል። ሁለቱም ነውር የለበትም፤ ነውሩ ያለው መደበቁ ላይ ነው።

በተቃራኒው፣ ፍጹም ተራ የሚመስል ፎቶ ትልቅ ውሸት ሊሸከም ይችላል። በሌላ አገር፣ በሌላ ዓመት የተነሳ የጎርፍ ወይም የእሳት ፎቶ «ዛሬ እገሌ ሰፈር» ተብሎ ሲዞር አላያችሁም? ቀለሙ አልተነካም፤ የተነካው ሰነዱ ነው። እንዲህ ያለው ፎቶ ሰው ያስለቅሳል፣ ሰው ያስቆጣል፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጋጫል። ስለዚህ የፎቶ እውነትነት የሚለካው ለዓይናችን የለመድነውን በመምሰሉ አይደለም። ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን አነሳው፣ ከዚያስ ምን አደረገበት? ይህ ሲነገር እንግዳው ፎቶ እውነተኛ ምስክር ይሆናል። ይህ ሲደበቅ የተለመደው ፎቶ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል።

ምስክርም ቢሆን ይጠየቃል። ካሜራችን ገመድ ላይ የተሰጣ ጥቁር ጨርቅ ገርጥቶ አሳይቶናል፤ ብዙ ማቅለሚያ በዓይን ሲታይ ጥቁር ሆኖ ኢንፍራሬድን ይመልሳልና። አረንጓዴ ቀለምም አንዱ ይጠቁራል፣ ሌላው እንደ ቅጠል ይነጣል። ስለዚህ «ነጭ ከሆነ ሕያው ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። ሌንሱም የራሱ ጠባይ አለው። አንዳንዱ በኢንፍራሬድ ፎቶው መሐል ላይ የሚያበራ ክብ ነጥብ ይፈጥራል። ኢንፍራሬድ የሚጠራበት ቦታ ከምናየው ብርሃን ትንሽ ስለሚለይም፣ ብዙ የድሮ ሌንሶች ላይ ለዚሁ የተሠራ ቀይ ምልክት አለ። ርቀቱን ወደዚያ ምልክት ማዞር ወይም የብርሃኑን መግቢያ ወደ 8 እና 11 ማጥበብ ይረዳል።

አደቡንም እንናገር። በሕይወት ያለን ነገር ምስል በተመለከተ፣ ፎቶንም ጨምሮ፣ ዑለማዎች የተለያየ አቋም እንዳላቸው ታውቃላችሁ። ዛፍና ሩሕ የሌለው ነገር ግን ሰፊ ሜዳ ነው፤ ኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ) ምስል መሥራት ኑሮው የሆነበትን ሰው የመከሩት ወደዚሁ ነበር። በኢንፍራሬድ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ይህ ብርሃን አንዳንድ ስስ ጨርቅን ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሶኒ ኩባንያ በጨለማ የሚያነሱ የቪዲዮ ካሜራዎቹን በዚህ ምክንያት ለማሻሻል ተገዷል። የሰውን ገመና መጠበቅ አማና ነው። ይህን ካሜራ ወደ ሰው አናዞርም፤ የሚያዞረውንም ዝም አንለውም። ትልቅ ካሜራ ይዞ የሚቆም ሰው በከተማችን መጠየቁም አይቀርም። ጣሪያ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ነዋሪውን አስፈቅዱ፤ መንግሥታዊ ተቋማት አካባቢ ካሜራችሁን ቦርሳ ውስጥ አድርጉ፤ ጥበቃ ሲጠይቃችሁ በትሕትና አስረዱ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ አዲስ ካሜራ ለመግዛት ብድር ውስጥ መግባት አያስፈልግም። በዘመድ ቤት የተረሳ የድሮ ሌንስ ካለ ጠይቁ፤ አባቶች ታሪኩንም አብረው ይነግሯችኋል። እሱም ከሌለ በስልካችሁ ጀምሩ። አንድ ዛፍ ምረጡ፤ በአንድ ቀን ሱብሒ ላይ፣ ዙህር ላይና ዐስር ላይ አንሱት። ዛፉ ያው ነው፤ ብርሃኑ ግን ሦስት ዓይነት ፎቶ ይሰጣችኋል።

ፎቶውን ስትለጥፉም ከሥሩ ሁለት መስመር ጻፉ። እኛ የእንጦጦውን እንዲህ ብለን ጽፈንበታል፦ «ከልደታ ወደ እንጦጦ፤ መስከረም፣ ጠዋት። ሄሊዮስ 44-2 ሌንስ፤ ኢንፍራሬድ፣ ባለ 720 ፊልተር። በዓይን ሲታይ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ወደ ጥቁርና ነጭ የቀየርነው እኛ ነን።»

አላህ ዓይናችንንም ምላሳችንንም በሐቅ የሚመሰክሩ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።