ዝናብ፣ ብስክሌትና አማና

አንበሳሜ በደቡብ ጎንደር የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ይገባባታል። እኛም በአንድ የነሐሴ ቀን የዙህርን ሶላት ሰግደን በሦስት ብስክሌት ከሐሙሲት ወደዚያው አቀናን። ከሦስቱ አንዱ ከጎረቤት የተዋስነው ነበር፤ ባለቤቱ በማግስቱ ማለዳ ለሥራ ይፈልገዋል።

ብዙም ሳንርቅ በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። አንዳችን «እንጠለል» ቢልም ነጎድጓድ አልነበረምና ጉዟችንን ቀጠልን። አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ትዝ አለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝናብ ሲዘንብ ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ገላቸውን አስነክተዋል፤ ስለምን እንዲህ እንዳደረጉ ሲጠየቁም ዝናቡ ከጌታው ዘንድ ገና መምጣቱ እንደሆነ ነግረዋል።

የአላህ ራሕመት ፊታችንን እያጠበን ሽቅቡን ስንወጣ እንደ በጋው ላብ አላጠመቀንም። አፈሩ ይሸታል፤ ገሳ የለበሱ እረኞች «በርቱ!» እያሉ ይስቁብናል። ቁልቁለቱ ላይ ግን የረጠበ ፍሬን ቶሎ ስለማይዝ ቀደም ብለን ፍጥነት ቀነስን፤ ኩሬው ጉድጓድ ሊሸሽግ ይችላልና ዳር ዳሩን አለፍን።

መጨረሻ ላይ ወደ ዘመድ ቤት በሚወስደው የእግር መንገድ ስንገባ መረሬው ጎማውን ያዘው። ብስክሌቱን ተሸክመን ስንደርስ የዐስር ወቅት እየተገባደደ ነበር። ከመካከላችን ታናሹ «በዚህ ጭቃ እንዴት ይሰገዳል? ታጥበን፣ ልብስ ቀይረን ይሁን» አለ። የመንገድ ጭቃ ነጃሳ እንዳለበት እስካልታወቀ ድረስ ንጹሕ መሆኑን ዑለማዎች ያስተምራሉ። በውዱእ አካል ላይ የተጋገረው ግን ውኃው ቆዳን እንዳይነካ ስለሚከለክል መልቀቅ አለበት። እጅና እግራችንን አጥርተን፣ ውዱእ አድርገን በወቅቱ ሰገድን።

ከሶላት በኋላ ድካሙ ተጫነን፤ ምድጃው ዳር ቡናው ይጠብቀናል። ብስክሌቱን ለነገ እናቆየው የሚል ሐሳብም መጣ። ነገር ግን መረሬ አንዴ ከደረቀ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ የተዋስነው ነገር ደግሞ አማና ነው። ስለዚህ ከቆርቆሮው ክዳን የሚወርደውን ውኃ በባልዲ አጠራቅመን ጭቃውን በእንጨት ፋቅን፤ ከጎማውና ከቸርኬው በጨርቅ አጠብን። ውኃ ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ ተጠነቀቅን። ካቴናውን አድርቀን ጥቂት ዘይት ጠብ አደረግንለት፤ ትርፉንም ጠረግን። ቸርኬውንና የፍሬኑን ላስቲክ ግን ዘይት አላስነካንም፤ ቢነካቸው ፍሬኑ አይዝምና። ቡናውን የጠጣነው ከዚህ በኋላ ነው፤ እንደዚያን ዕለት የጣፈጠንም ቡና የለም።

በማግስቱ ማለዳ ባለቤቱ ብስክሌቱን ዙሪያውን አየና «ስሰጣችሁ እንኳ እንዲህ ንጹሕ አልነበረም» ብሎ ዱዓ አደረገልን። ውድ ወጣቶች ሆይ! ዝናቡ ደስታ ነው፤ ደስታው ሙሉ የሚሆነው ግን ሶላቱ በወቅቱ፣ አማናውም በንጽሕና ሲመለስ ነው። አላህ ዝናባችንን ጠቃሚ፣ እኛንም አማና ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን።